ኤፍ ከመጣ በኋላ፦ የኢንጅነሪንግ መሠረታዊ ኮርስ ዓመት ሳይበላ እንዴት ይደገማል?

አፕላይድ ማቲማቲክስ ወይም ሜካኒክስ ላይ ኤፍ የመጣበት ተማሪ ኮርሱን ሁለተኛ ሲወስደው አብዛኛውን ጊዜ ያልፋል። የሚከስረው ሌላ ቦታ ነው፤ ሬጅስትራር መስኮት ላይ፣ ባለፈ የአድ (ኮርስ መጨመሪያ) ቀን ላይ፣ ማንም ባልጠየቀው ፕሪሪኩዚት (ቀድሞ መታለፍ ያለበት ኮርስ) ላይ። አንድ ባለ 3 ክሬዲት ኮርስ ሙሉ ዓመት የሚበላው በዚህ መንገድ ነው። ስለዚህ ከደብተር በፊት ወረቀቱን እናስቀድማለን። የጥናቱ ነገር ደረጃ 6 ላይ ነው፤ ወደዚያ ዘላችሁ አትሂዱ።

መመሪያው ከአዲስ አበባ ዳር፣ ቂሊንጦና ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ለሚማሩ፣ በተለይም ኮዬ ፈጬ ተከራይተው ለሚመላለሱ ይበልጥ ይጠቅማል። መሀል ከተማ ያለ ተማሪ የጎደለችውን ፊርማ ከሰዓት ተመልሶ ያስፈርማል። እዚህ ግን አንድ ፊርማ የጎደለው ፎርም ማለት አንድ ሙሉ ቀን ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት የሚያዙ ነገሮች

1. እስከ ዛሬ የመጣው ውጤት ሁሉ ያለበት ግሬድ ሪፖርት። በስልክ የተነሳ ስክሪንሹት ሳይሆን የታተመ።
2. የገባችሁበት ዓመት ካሪኩለም። የሲኒየር ወይም የጁኒየር ባች ካሪኩለም አይሠራም፤ የኮርስ ኮድና ክሬዲት ከባች ባች ይለያያል።
3. የዩኒቨርሲቲያችሁ ሴኔት ሕግ፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ክፍል። ስለ ድጋሚ ኮርስ፣ ስለ ዋርኒንግ (የውጤት ማስጠንቀቂያ)፣ ስለ ዲስሚሳል (መባረር) እና ስለ ሪአድሚሽን (ተመልሶ መግባት) የሚናገሩትን አንቀጾች ፎቶ ኮፒ አድርጉ። ቁጥሮቹ ከዩኒቨርሲቲ ዩኒቨርሲቲ ይለያያሉና "ሌላ ካምፓስ ያለው ጓደኛዬ እንዲህ አለኝ" በሚል አትወስኑ።
4. የዓመቱ አካዳሚክ ካሌንደር። ሦስት ቀኖችን ቀይ ክበብ አድርጉባቸው፦ የመመዝገቢያ መጨረሻ፣ የአድና ድሮፕ (ኮርስ መጨመሪያና መቀነሻ) መጨረሻ፣ የዊዝድሮዋል (ሴሚስተሩን በፎርም አቋርጦ መውጫ) መጨረሻ።
5. ማህደር፣ እርሳስና ላጲስ። ለማንም የምትሰጡት ማመልከቻ ሁሉ በሁለት ኮፒ ይዘጋጅ፤ አንዱ "ተቀብያለሁ" ተብሎ ፊርማና ቀን አርፎበት እናንተ ዘንድ ይቀራል።

ደረጃ 1፦ ፊደሉን ለዩ

"ወደቅሁ" ብላችሁ ከመደምደማችሁ በፊት የመጣው ፊደል ምን እንደሆነ በትክክል አንብቡ። እያንዳንዱ ፊደል የራሱ በር አለው።

ኤንጂ (NG) ወይም አይ (I) ከሆነ ወድቃችሁ አይደለም፤ ውጤታችሁ አልተሟላም። ያልገባ ላብ ሪፖርት፣ ያመለጠ ፋይናል ወይም መምህሩ ያልሞላው ማርክ ሊሆን ይችላል። በዚያው ሳምንት መምህሩን አግኙ። ፋይናሉ ያመለጣችሁ በሕመም ከሆነ የሐኪም ማስረጃው በተፈቀደው ቀን ውስጥ መግባት አለበት። ይህ ፊደል ጊዜው ሲያልፍ በራሱ ወደ ኤፍ የሚለወጥ መሆኑን ብዙ ሰው የሚያውቀው ከተለወጠ በኋላ ነው።

ኤፍኤክስ (Fx)፣ ማለትም ለማለፍ ጥቂት የጎደለው ውጤት፣ ከሆነ በአብዛኛው ኮርሱን ሳትደግሙ ሪ-ኤግዛም የመቀመጥ ዕድል አለ። ሁለት ነገር ጠይቁ፦ የፈተናው ቀን መቼ ነው? በሪ-ኤግዛም የሚሰጠው ትልቁ ግሬድ ስንት ነው? ቀኑ የሚወጣው ብዙ ጊዜ በእረፍት ስለሆነ አገር ቤት ከመሄዳችሁ በፊት ማስታወቂያ ሰሌዳውን የሚያይላችሁ ሰው አዘጋጁ።

ኤፍ ከሆነ ኮርሱ ከነክላሱ ይደገማል።

ዲ ደግሞ ተንኮለኛ ፊደል ነው። በግሬድ ሪፖርቱ ላይ ያለፋችሁ ትመስላላችሁ፤ ነገር ግን ቀጣዩን ኮርስ ለመውሰድ ቢያንስ ሲ የሚጠይቅ ዲፓርትመንት አለ። ለጠቅላላ ውጤታችሁም ዲ የሚያዋጣው 1 ነጥብ ብቻ ሲሆን ለመመረቅ የሚፈለገው 2 ነው። ዲ የመጣበትን ኮርስ መድገም የሚፈቀድበት ሁኔታ በሴኔት ሕጉ ውስጥ ለብቻው ስለሚጻፍ ፈልጋችሁ አንብቡት።

ደረጃ 2፦ ውጤቱን ከተጠራጠራችሁ አሁኑኑ አጣሩ

ቅሬታ የሚቀርብበት ጊዜ የሚቆጠረው በቀናት ነው፤ በወራት አይደለም። ቅደም ተከተሉን ጠብቁ፦

1. መጀመሪያ የራሳችሁን ማርክ ደምሩ። ሚድ ከ30፣ ኩዊዝ ከ10፣ አሳይመንት ከ10፣ ፋይናል ከ50 ከሆነ የተመለሱላችሁን ወረቀቶች አውጥታችሁ እስከ ፋይናል ድረስ ስንት እንደያዛችሁ ጻፉ።
2. መምህሩን በቢሮ ሰዓት አግኙትና የፋይናል ወረቀታችሁን ለማየት ጠይቁ። "ግሬዴን ያሳድጉልኝ" አትበሉ። "ወረቀቴን ማየት እፈልጋለሁ" በሉ። አንደኛው ልመና ነው፤ ሌላኛው መብት ነው።
3. ስታዩ የምትፈልጉት ይህንን ነው፦ ያልታረመ ገጽ፣ የገጾቹ ድምር ስህተት፣ ያልተመዘገበ ኩዊዝ፣ ስሙ ከናንተ ስም ጋር የሚመሳሰል ተማሪ ማርክ። "አበበ ተስፋዬ" ሁለት ሆነው በአንድ ሴክሽን የሚገኙበት ክፍል ብርቅ አይደለም፤ መታወቂያ ቁጥሩን አመሳክሩ።
4. ስህተት ካለና መምህሩ ካመነ እርማቱን በዲፓርትመንቱ በኩል በጽሑፍ ይልካል። ካላመነ ለዲፓርትመንቱ ኃላፊ በጽሑፍ አመልክቱና ወረቀቱ በሌላ መምህር እንዲታይ ጠይቁ።

ስህተት ካላገኛችሁ እዚሁ ላይ አቁሙ። ወረቀቱን ማየታችሁ ግን ከንቱ አይደለም። የትኛው ጥያቄ ላይ ስንት እንዳጣችሁ እዚያው ጻፉ፤ ደረጃ 6 ላይ ትፈልጉታላችሁ።

ማስጠንቀቂያ፦ "ሬጅስትራር ውስጥ ሰው አለኝ፣ ይስተካከላል" ለሚል ሰው ብር አትስጡ። ብሩም ይሄዳል፤ ጉዳዩ ሲወጣ ደግሞ የሚባረረው ተማሪው ነው።

ደረጃ 3፦ ሰንሰለቱን በእርሳስ ሣሉ

የዚህ ሁሉ ሥራ ልብ እዚህ ነው። ኢንጅነሪንግ እንደ ግድግዳ ነው፤ የታችኛው ብሎኬት ሳይደርቅ የላይኛው አይገጠምም። አንድ ኤፍ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው የሚታወቀው በኮርሱ ክሬዲት ሳይሆን ከላዩ ስንት ኮርስ እንደተቀመጠበት ነው።

በአንድ ባዶ ወረቀት ላይ ካሪኩለማችሁን እያያችሁ ከግራ ወደ ቀኝ ሴሚስተሮቹን አስቀምጡ። ከየኮርሱ ወደሚከፍተው ኮርስ ቀስት አውጡ። ለአብዛኛው ዲፓርትመንት የሚሠሩት ሁለት ሰንሰለቶች እነዚህ ናቸው፦

የሒሳቡ፦ አፕላይድ ማቲማቲክስ 1 ወደ አፕላይድ 2፣ ከዚያ ወደ አፕላይድ 3። በኤሌክትሪካል በኩል ሲግናልስና ሲስተምስ፣ ከዚያም ኮንትሮል ይቀጥላል።

የሜካኒክሱ፦ ሜካኒክስ 1፣ ማለትም ስታቲክስ፣ በአንድ በኩል ወደ ዳይናሚክስ፣ በሌላ በኩል ወደ ስትሬንግዝ ኦፍ ማቴሪያልስ ይሄዳል። ሲቪል ከሆናችሁ ከስትሬንግዝ ወደ ቲዎሪ ኦፍ ስትራክቸርስ፣ ከዚያ ወደ ሬይንፎርስድ ኮንክሪት ይዘልቃል። መካኒካል ከሆናችሁ ወደ ማሽን ዲዛይን።

አሁን ከእያንዳንዱ ኮርስ ጎን በየትኛው ሴሚስተር እንደሚሰጥ ጻፉ። ብዙው ኮርስ በዓመት አንዴ ብቻ ነው የሚሰጠው። ስታቲክስ በመጀመሪያው ሴሚስተር የሚሰጥ ከሆነና ከወደቃችሁ፣ በሚቀጥለው ሴሚስተር ስትሬንግዝም ዳይናሚክስም ይዘጉባችኋል። ስታቲክስን የምታገኙት በሚቀጥለው ዓመት ከጁኒየር ባች ጋር ነው፤ ስትሬንግዝ ከዚያ በኋላ፣ ቲዎሪ ኦፍ ስትራክቸርስ ደግሞ ከዚያም በኋላ። በ3 ክሬዲት ምክንያት ከባቻችሁ አንድ ዓመት ወደ ኋላ ቀራችሁ ማለት ነው። የኢኮኖሚክስ ወይም የአንትሮፖሎጂ ኤፍ ግን ምንም አይዘጋም፤ እስከ መመረቂያ ባለው ጊዜ በተመቸ ሴሚስተር ይወሰዳል። ሁለት ኤፍ ያለበት ተማሪ መጀመሪያ መቅደም ያለበት ቀስት የሚወጣበትን ኮርስ ነው፤ "ቀለል የሚለኝን ላስቀድም" ማለት እዚህ ጋ ያከስራል።

ዓመቱን የምትመልሱባቸው ሦስት መንገዶች አሉ። በዚህ ቅደም ተከተል ሞክሯቸው፦

ሀ. የሌላ ዲፓርትመንት ሴክሽን። አፕላይድና ሜካኒክስ ለብዙ ዲፓርትመንት ስለሚሰጡ የናንተ ዲፓርትመንት በዚህ ሴሚስተር ባይሰጠው ሌላው ሊሰጠው ይችላል። የኮርስ ኮዱና ክሬዲቱ አንድ መሆኑን አረጋግጡ። ኮዱ ከተለየ ከመመዝገባችሁ በፊት "ተመጣጣኝ ነው" የሚል የዲፓርትመንት ደብዳቤ ያዙ። ኮርሱን ጨርሳችሁ ደብዳቤ መጠየቅ ከባድ ነው።

ለ. የክረምት ኮርስ። የሚከፈተው ተማሪ ሲበዛ ስለሆነ ብቻችሁን አትጠይቁ። ያንኑ ኮርስ የሚደግሙትን ሰብስቡ፣ ስምና መታወቂያ ቁጥር በዝርዝር አድርጉ፣ በጋራ ፈርማችሁ ሁለተኛው ሴሚስተር ሳያልቅ ለዲፓርትመንቱ አስገቡ። መምህራን ለእረፍት ከተበተኑ በኋላ የሚመጣ ጥያቄ መልሱ የታወቀ ነው።

ሐ. ፕሪሪኩዚቱን ጎን ለጎን መውሰድ። አንዳንድ ዲፓርትመንት፣ በተለይ ለተመራቂ፣ ድጋሚውንና ቀጣዩን በአንድ ሴሚስተር ይፈቅዳል። ፈቃዱ በጽሑፍ ካልሆነ አትመኑት። በቃል ተፈቅዶለት ሴሚስተሩን ሙሉ ተምሮ፣ ሬጅስትራር ላይ ፕሪሪኩዚት አልተሟላም ተብሎ ውጤቱ የሚሰረዝበት ተማሪ በየዓመቱ አይጠፋም።

ደረጃ 4፦ ነጥባችሁን አስሉ

የፊደሎቹ ነጥብ፦ ኤ ፕላስና ኤ 4፣ ኤ ማይነስ 3.75፣ ቢ ፕላስ 3.5፣ ቢ 3፣ ቢ ማይነስ 2.75፣ ሲ ፕላስ 2.5፣ ሲ 2፣ ሲ ማይነስ 1.75፣ ዲ 1፣ ኤፍ 0። ነጥቡን በኮርሱ ክሬዲት አባዙ፣ ደምሩ፣ ለጠቅላላ ክሬዲት አካፍሉ።

አንድ ሴሚስተር እንውሰድ፦ አፕላይድ 2 ባለ 4 ክሬዲት ኤፍ፣ ሜካኒክስ ባለ 3 ሲ፣ ድሮዊንግ ባለ 3 ቢ፣ ፕሮግራሚንግ ባለ 3 ቢ ማይነስ፣ ኢኮኖሚክስ ባለ 3 ቢ ፕላስ። ድምሩ 0 + 6 + 9 + 8.25 + 10.5 = 33.75 ነው። ለ16 ሲካፈል 2.11 ይሆናል።

ልብ በሉ፤ 4 ክሬዲት ኤፍ ይዞም ተማሪው ከ2 በላይ ነው። ዋርኒንግ የለም፣ የሚጠራው የለም፣ የሚያስጠነቅቀው የለም። እንዲህ ያለው ተማሪ ነው ኤፉን "በኋላ እደግመዋለሁ" ብሎ ትቶት ሦስተኛ ዓመት ላይ ሰንሰለቱ የሚይዘው።

ይኸው ተማሪ አፕላይዱን ደግሞት ሲ ቢያመጣና አዲሱ ግሬድ አሮጌውን የሚተካ ከሆነ 41.75 ለ16፣ ማለትም 2.61 ይሆናል። ሁለቱም ግሬድ የሚቆጠር ከሆነ ግን 41.75 ለ20 ሆኖ 2.09 ነው፤ ከነበረበትም ያነሰ። ሬጅስትራርን የምትጠይቁት የመጀመሪያ ጥያቄ ይህ ይሁን፦ "ድጋሚው ይተካል ወይስ ይደመራል?"

አሁን ወደ ፊት አስሉ። በ34 ክሬዲት 63 ነጥብ ያለው ተማሪ ጠቅላላ ውጤቱ 1.85 ነው። በሚቀጥለው ሴሚስተር 17 አዲስ ክሬዲት ወስዶ 2 ላይ ለመድረስ 39 ነጥብ ያስፈልገዋል፤ አማካዩ 2.29 መሆን አለበት። ከ17ቱ 4ቱ የኤፉ ድጋሚ ቢሆኑና ግሬዱ የሚተካ ከሆነስ? ጠቅላላ ክሬዲቱ 47 ብቻ ስለሚሆን የሚፈለገው 94 ነጥብ ነው። ድጋሚው ላይ ሲ ቢያመጣ 8 ነጥብ አገኘ፤ ለቀሩት 13 ክሬዲቶች 23 ነጥብ፣ በአማካይ 1.77 ይበቃዋል። ከዋርኒንግ ለመውጣት ከአዲስ ቀላል ኮርስ ይልቅ የኤፍ ድጋሚ የሚያዋጣው ለዚህ ነው።

ዋርኒንግ ላይ ያላችሁ ከሆነ ሁለተኛ ተከታታይ ዋርኒንግ ምን እንደሚያስከትል አንቀጹን አንብቡ፤ በብዙ ቦታ ዲስሚሳል ነው። ሸክሙን በተፈቀደው ዝቅተኛ ክሬዲት ላይ አድርጉት።

ደረጃ 5፦ መመዝገብ

1. ምዝገባው ከመከፈቱ በፊት አድቫይዘራችሁን አግኙ። የሠራችሁትን ሰንሰለትና ስሌት አሳዩት። ወረቀት ይዞ ለመጣ ተማሪ አድቫይዘር ይፈርማል፤ "ምን ልውሰድ?" ብሎ ለመጣ ተማሪ "ነገ ና" ይላል።
2. የድጋሚ ኮርሱን ክፍል ፕሮግራም ከመደበኛው ጋር አስተያዩ። ክላሽ ካለ ሴክሽን ቀይሩ። መቀየር ካልተቻለ የሚተወው አዲሱ ኮርስ እንጂ ድጋሚው አይሁን፤ ድጋሚው ሰንሰለት ላይ ያለ ከሆነ።
3. በመደበኛው ስሊፕ (የምዝገባ ወረቀት) ላይ ድጋሚ ኮርስ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ አይመጣም። የአድ ፎርም ሙሉ፦ የኮርሱ ኮድ፣ ስም፣ ክሬዲት፣ ሴክሽን፣ "ድጋሚ" የሚል ምልክት።
4. አድቫይዘር፣ ከዚያ የዲፓርትመንት ኃላፊ፣ ከዚያ ሬጅስትራር። ቅደም ተከተሉን አታዛቡ። ሬጅስትራር ሁለቱ ፊርማ የሌለውን ፎርም አያየውም።
5. ከሳምንት በኋላ ስሊፓችሁን እንደገና አውጡ። ኮርሱ አለበት? ክሬዲቱ ልክ ነው? ከዚያ መምህሩ ጋ ሄዳችሁ ስማችሁ በአቴንዳንስ ዝርዝሩ ላይ መኖሩን እዩ።

አምስተኛውን የሚዘል ሰው ብዙ ነው፤ የሚያስለቅሰውም እሱ ነው። ስሊፕ ላይ ያልገባ ኮርስ ተምራችሁ፣ ሚድና ፋይናል ተፈትናችሁ፣ መምህሩ ግሬድ ሊሞላ ሲስተሙን ሲከፍት ስማችሁ የለም። ከዚያ በኋላ የሚደረገው ደብዳቤ መጻፍ ብቻ ነው፤ መልሱ ደግሞ በሌላው ቸርነት ላይ ይንጠለጠላል።

ስለ ሰዓት አንድ ነገር። የመንግሥት ቢሮ ሥራ የሚጀምረው ጠዋት 2:30 ሲሆን የዓርብ የምሳ እረፍት ከ5:30 እስከ 7:30 ይረዝማል። ከመሀል ከተማ በሳሪስና ቃሊቲ በኩል የምትመጡ ከሆነ ዓርብ 4:30 ላይ ደርሳችሁ ሦስት ፊርማ አታገኙም። ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ጠዋት ተመራጭ ነው። ሰኞ ሁሉም ሰልፍ ላይ ነው። መብራት ጠፍቶ ሲስተም ከቆመም ፎርሙን በእጅ አስረክባችሁ የተቀባዩን ፊርማ ያዙ፤ "ሲስተሙ ሲመጣ ትመለሳለህ" ብለው ከመለሷችሁ የአድ ቀን ሊያልፍ ይችላል።

ፎቶ ኮፒና መታወቂያ መቃኘት ካምፓስ በር ላይ ካሉት ቤቶች አስቀድማችሁ ጨርሱ።

በዚህ ሴሚስተር የሚወሰድ ምንም ኮርስ ከሌለስ?

ዝም ብላችሁ አትጥፉ። ዊዝድሮዋል ሙሉና ክሊራንስ ጨርሱ። ያለ ፎርም የጠፋ ተማሪ እንደ ተቋረጠ ይቆጠራል፤ የመመለሻ መንገዱ ይጠባል። ባልተመዘገባችሁበት ሴሚስተር ዶርምና ካፌ ስለማይኖር የቤት ኪራይ ነገር አስቀድሞ ይታሰብ። የሪአድሚሽን ማመልከቻ የሚገባበት ቀን ከመመዝገቢያው ቀን ይቀድማልና በሚቀጥለው ካሌንደር ላይ እሱንም ክበብ አድርጉበት። የኮስት ሸሪንግ (የትምህርት ወጪ መጋራት) ውልም ለተጨመረው ጊዜ እንደገና መሞላቱን አትርሱ።

ደረጃ 6፦ ሁለተኛውን ጊዜ ከመጀመሪያው ለዩት

ደጋሚ ተማሪ ትልቁ ጠላቱ "ይህንንማ አውቀዋለሁ" ነው። ክላስ ይቀራል፣ አቴንዳንሱ ይጎድላል፣ ሚድ ላይ ያው ጥያቄ ይመጣል፣ ያው ቦታ ይሰናከላል። ሲኒየሮች የሚሸጡትን የድሮ ፈተና መቸከልም መምህሩ ከተቀየረ ዋጋ የለውም።

ከደረጃ 2 የጻፋችሁትን አውጡ፦ ማርክ ያጣችሁት የት ነው? መልሱ ብዙ ጊዜ የወደቃችሁበት ኮርስ ውስጥ ሳይሆን ከእሱ በፊት ባለው ውስጥ ነው።

አፕላይድ 2 ላይ የሚወድቀው በሲሪስ አይደለም፤ አፕላይድ 1 ላይ ባልተማረው ኢንተግሬሽን ነው። ፎሪየር ሲሪስ ላይ ኤክስን በሳይን ኤን ኤክስ አባዝቶ ኢንተግሬት ማድረግ ሲመጣ ኢንተግሬሽን ባይ ፓርትስ ካልተጨበጠ ጥያቄው ሁለተኛ መስመር ላይ ይሞታል። እሱን አልፎም ኮሳይን ኤን ፓይ ለኢተጋማሽ ኤን −1፣ ለተጋማሽ ኤን 1 መሆኑን የማያውቅ መልሱን ሳያጠራ ይቀራል። ደብል ኢንተግራል ላይ ደግሞ ቦታውን ሳይሥል ሊሚት የሚገለብጥ ሁሉ ይሳሳታል። ስለዚህ ሴሚስተሩ ከመጀመሩ በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት በቀን 10 የኢንተግሬሽን ጥያቄ ሥሩ፤ 5 በሰብስቲቲዩሽን፣ 3 በባይ ፓርትስ፣ 2 በፓርሺያል ፍራክሽን። የመጨረሻው አፕላይድ 3 ላይ ለላፕላስ ትራንስፎርም ያስፈልጋል።

ስታቲክስ ላይ ስህተቱ ከፍሪ ቦዲ ዲያግራም (አካሉን ለብቻው ነጥሎ የሚያርፉበትን ኃይሎች ከሚያሳየው ሥዕል) ይጀምራል። ይህንን አሁን በወረቀት ሥሩት። 6 ሜትር ቢም አለ፤ ግራ ጫፉ ፒን፣ ቀኝ ጫፉ ሮለር። ከግራ ጫፍ ጀምሮ 4 ሜትሩ ላይ በየሜትሩ 3 ኪሎ ኒውተን የተከፋፈለ ጭነት አለ።

ጠቅላላ ጭነቱ 3 × 4 = 12 ኪሎ ኒውተን ሲሆን የሚያርፈው በመሀሉ፣ ከግራ 2 ሜትር ላይ ነው። በግራው ፒን ዙሪያ ሞመንት ውሰዱ፦ 12 × 2 = 24፤ ለ6 ሲካፈል የሮለሩ ሪአክሽን 4 ኪሎ ኒውተን ይመጣል። የፒኑ 8 ነው። በቀኙ ዙሪያ ፈትሹ፦ 8 × 6 = 48፣ 12 × 4 = 48። ትክክል።

እስከዚህ ሁሉም ይደርሳል። አሁን ከግራ 1 ሜትር ላይ ሺርና ሞመንት ስንት ነው? ብዙ ተማሪ ቀድሞ የጠቀለለውን 12 እንዳለ ይዞ 8 − 12 = −4 ይላል። ስህተት ነው። ቢሙን 1 ሜትር ላይ ስትቆርጡት በግራው ቁራጭ ላይ የተቀመጠው ጭነት 3 ኪሎ ኒውተን ብቻ ነው። ሺሩ 8 − 3 = 5 ኪሎ ኒውተን፣ ሞመንቱ 8 × 1 − 3 × 0.5 = 6.5 ኪሎ ኒውተን ሜትር። መጀመሪያ ቁረጡ፣ ከዚያ በቁራጩ ላይ የቀረውን ብቻ ጠቅልሉ። ይህችን አንድ ስህተት ስታቲክስ ላይ ያላረመ ተማሪ ስትሬንግዝ ላይም፣ ቲዎሪ ኦፍ ስትራክቸርስ ላይም ይዟት ይሄዳል።

ድሮዊንግ የሚወድቀው በእጅ አይደለም፤ በአቀማመጥ ነው። ፈርስት አንግል ላይ ቶፕ ቪው ከፍሮንት ቪው በታች፣ ሰርድ አንግል ላይ ከላይ ይቀመጣል። ጥያቄው የትኛውን እንዳለ ከሥዕሉ በፊት አንብቡ። ለኮንስትራክሽን መስመር 2ኤች፣ ለመጨረሻው ኤችቢ እርሳስ ይኑራችሁ።

ፕሮግራሚንግ ላይ ፈተናው በወረቀት ስለሆነ ልምምዱም በወረቀት ይሁን። ከ0 ተነስቶ 5ን ራሱን ጨምሮ የሚቆጥር ሉፕ 6 ጊዜ ይዞራል፤ 5 አይደለም። በየዙሩ የእያንዳንዱን ተለዋዋጭ ዋጋ በሠንጠረዥ መሙላት ልመዱ።

የሳምንት ክፍፍሉን አታወሳስቡት። ለአንድ ድጋሚ ኮርስ በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜው ሁለት ሰዓት፤ ሰዓቱ ሙሉ በሙሉ ጥያቄ መሥራት እንጂ ሀንድአውት ማንበብ አይደለም። ተመላላሽ ከሆናችሁ ክላስ እንዳለቀ ላይብረሪ ግቡ። ቤት ደርሼ እሠራለሁ ያለ ተማሪን ታክሲ ሰልፍ ይጨርሰዋል፤ ደርሶም መብራት የለም።

በአምስተኛው ሳምንት ራሳችሁን ፈትኑ። የወደቃችሁበትን ሚድ መልሱን ሳታዩ በሰዓቱ ሥሩትና አርሙ። ከግማሽ በታች ከሆነ የጁኒየሩ ባች ጎበዝ ልጅ ጋ ሂዱ። ያሳፍራል፤ ይሁን። ወይም የመምህሩን ቲቶሪያል ጠይቁ። ዊዝድሮዋል የሚፈቀድበት ቀን አብዛኛውን ጊዜ ገና ያላለፈ ስለሆነ ውሳኔ የሚወሰነው በዚህ ሳምንት ነው፤ ፋይናል ላይ አይደለም።

ደረጃ 7፦ ካለፋችሁ በኋላ

ግሬዱ ሲወጣ ሥራው አላለቀም። ሬጅስትራር ሄዳችሁ የሚከተሉትን አረጋግጡ፦

አሮጌው ኤፍ በደንቡ መሠረት መተካቱን ወይም "ተደግሟል" የሚል ምልክት መያዙን። ያልተተካ ከሆነ ጠቅላላ ውጤታችሁን በእጅ አስልታችሁ ልዩነቱን በማመልከቻ አሳዩ።

ከሌላ ዲፓርትመንት የተወሰደው ኮርስ በናንተ ካሪኩለም ኮድ መመዝገቡን፤ የተመጣጣኝነት ደብዳቤው ኮፒ ፋይላችሁ ውስጥ መኖሩን።

የተዘጋው ቀጣይ ኮርስ በሚቀጥለው ስሊፕ ላይ መከፈቱን።

ይህን ማጣራት ለመጨረሻው ዓመት አታቆዩት። ከመመረቂያው ሁለት ሴሚስተር ቀድማችሁ ካሪኩለሙንና ግሬድ ሪፖርቱን ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ ኮርስ በኮርስ ምልክት አድርጉ። ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ ለመመረቅ የመውጫ ፈተና ማለፍ ስለሚጠየቅና ማለፊያው 50 በመቶ ስለሆነ፣ ዝግጅቱ በሚጧጧፍበት ሰሞን የሁለተኛ ዓመት ኮርስ ቀርቶ መገኘቱ ሁለቱንም ያበላሻል። የጎደለ ካገኛችሁ በዚያው ቀን ወደ ደረጃ 3 ተመልሳችሁ ኮርሱ በየትኛው ሴሚስተር እንደሚሰጥ ፈልጉ።